አክስቴ ለውሃ ስንት ይከፍላሉ?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እስክሪብቶና ወረቀት ይዘው አንድ ስሌት ይሥሩ። ቤትዎ ውስጥ ውሃ እንዳይጠፋብዎ ብለው ያወጡትን ገንዘብ ይደምሩ። የወሩን የቧንቧ ሂሳብ ለጊዜው ይተዉት፤ እሱ ትንሹ ነው። ጓሮ ወይም ጣሪያ ላይ ያስቀመጡት ሮቶ ስንት ወጣበት? ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕስ? ፈረቃው ሲዛነፍ ከጎረቤት ጋር ተጋርተው ያስመጡት የቦቴ ውሃ፣ በየሳምንቱ ከሱቅ የሚገባው የታሸገ ውሃ፣ በረንዳው ላይ የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች? ሁሉንም ይጻፉት።

እኔ ሠርቼው ደንግጫለሁ። ለውሃው ከምከፍለው ይልቅ ውሃው እንዳይቋረጥብኝ የምከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእርስዎም ከዚህ ብዙም የሚርቅ አይመስለኝም። እንግዲህ እኔና እርስዎ የምንገዛው ውሃ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጠዋት ተነስተን ቧንቧውን ስንከፍት “ይኖራል” የሚለውን እርግጠኝነት ጭምር ነው የምንገዛው።

ይህንን ስሌት እንድሠራ ያደረጉኝ አክስቴ ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ገጠር ነው፤ ሮቶም ፓምፕም የላቸውም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ሰዎች ለምን እንደሚገዙና ለምን እንደማይገዙ ማወቅ እንጀራዬ ነው። ሆኖም ስለ ውሃና ስለ ገንዘብ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከአክስቴ ጓዳ ነው።

ሰንሰለት የታሰረበት ፓምፕ

እናቴ የተወለደችው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የብርድ፣ የገብስና የበግ አገር ነው። ታላቅ እህቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። የዛሬ 6 ዓመት አዲስ አበባ ያለን የቤተሰቡ ልጆች ተሰባስበን ማኅበር አቋቋምን። አሜሪካ ያሉት ዶላር ላኩ፤ እኛም ከደመወዛችን አዋጣን። ከዚያም ለመንደሩ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት የውሃ ጉድጓድ አስቆፈርን።

የምርቃቱ ዕለት በግ ታረደ፤ ጠላ ተጠመቀ። ውሃው ሲንፎለፎል አክስቴ እልል አሉ። እኔ ፎቶ አነሳሁ፤ ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ከፓምፑ አጠገብ ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተተከለ። የእኔም ስም አለበት።

ባለፈው ፋሲካ የ5 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሰሌዳው እንደቆመ ነው። የፓምፑ እጀታ ግን በሰንሰለት ታስሯል፤ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ ናት፣ ጀርባዋ ላይ ጀሪካን አዝላ ከምንጩ መጣች። አጎንብሳ በፓምፑ አጠገብ አለፈች። ልጄ ትንሽ አየቻትና “ማሚ፣ ለምን ከዚህ አትቀዳም?” አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ቡና ሲፈላ አክስቴን ጠየቅኳቸው።

“እትዬ፣ ፓምፑ ምን ሆኖ ነው?”

“ጎማዋ ተበላች አሉ።”

“ጎማዋ ስንት ነው?”

“እኔ ምን አውቄ ልጄ። ከአንድ ዶሮ አትበልጥም ይላሉ።”

እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ገንዘብ አዋጥተን ያስቆፈርነው ጉድጓድ ለአንዲት ዶሮ ዋጋ ተዘግቶ ይቀመጣል? ንዴቴ ፊቴ ላይ ታይቶ መሰለኝ፣ አክስቴ ስኒውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ።

“ከፍለናል እኮ ልጄ። አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ ከፍለናል። ኋላ ተሰበረ። ሠሪ ይመጣል ተባለ። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ወጣ፣ ሠሪ የለም። ደግሞ የዚያን ወር ክፈሉ ተባልን። ለደረቀ ቱቦ ማን ይከፍላል? እድሩን እይ። እድር ሳልከፍል የቀረሁበት ወር የለም። ለምን? የሞትኩ ለት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የውሃው ግን በቀኑ ሳይመጣ ቀረ።”

ንዴቴ ወደ ኀፍረት የተለወጠው ያኔ ነው። የሥራ ባልደረቦቼን ሳሠለጥን “ደንበኛ ቃሉን ለማይጠብቅ ዕቃ ደግሞ አይከፍልም” እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። የገዛ አክስቴን ግን እንደ ደንበኛ አላየኋቸውም። እንደ ተረጂ ነበር ያየኋቸው።

“ትከፍላላችሁ?” “አዎ!”

ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ስብሰባ ጠርተን ነበር። “ውሃው ከመጣ ለማስጠገኛ በየወሩ ትከፍላላችሁ?” ብዬ የጠየቅኩት ራሴ ነኝ። እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም። እኔም ማስታወሻዬ ላይ “ሁሉም ለመክፈል ፈቃደኛ ነው” ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከከተማ የመጣች ዘመድ “ጉድጓድ ላስቆፍርላችሁ ነው፤ ትከፍላላችሁ?” ስትል “አይ፣ አልከፍልም” ብሎ እንግዳ የሚያስከፋ ማን አለ? ይሉኝታም አለ፤ ጉድጓዱ ይቀርብናል የሚል ስጋትም አለ። ያ ጥያቄ ጥያቄ አልነበረም።

ይህ የእኔ ብቻ ስህተት አለመሆኑን ያወቅኩት በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ነው። የገጠር ቤተሰብ ለንጹሕ ውሃ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ነው የሚለው ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዴል ዊቲንግተን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሄይቲ፣ በናይጄሪያና በኬንያ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀዋል። ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ በሚባል አካባቢ ባደረጉት ጥናት ደግሞ አንድ ብልሃት ሞከሩ። ግማሹን ሰው ወዲያው እንዲመልስ ጠየቁ፤ ሌላው ግን ነገሩን አስቦበት፣ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሮ እንዲመልስ ጊዜ ሰጡት። ጊዜ የተሰጣቸው ሰዎች እንከፍላለን ያሉት ገንዘብ ዝቅ ያለ ሆነ። ለቤቱ ምን እንደሚያስፈልገው አስልቶ የተሰጠ መልስ ነውና ይህኛው ወደ እውነቱ የቀረበ ነው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የምዕራብ ኬንያ ጥናት ነው። ማይክል ክሬመር፣ በ2019 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ቡሲያ በሚባል አካባቢ የገጠር ምንጮች እንዲጎለብቱ ሲደረግ ምን እንደሚለወጥ አጠና። የሕፃናት ተቅማጥ በሩብ ያህል ቀነሰ፤ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሰዎቹ ለጎለበተ ምንጭ ይህን ያህል ዋጋ እንሰጣለን ብለው በአፋቸው የተናገሩት ግን፣ ወደዚያ ምንጭ ለመሄድ ምን ያህል ተጨማሪ መንገድ እንደሚጓዙ ታይቶ ከተሰላው ዋጋ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አፍ ከእግር ይልቅ ቸር ነው ማለት ነው።

በእኛ ሙያም ያለው ትምህርት ያው ነው። ሰው ወደፊት ምን እንደሚያደርግ ከመጠየቅ፣ ዛሬ ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ገንዘብ ያልሆነው ክፍያ

ታዲያ የአክስቴ ቤተሰብ ዛሬ ምን እያደረገ ነው? በማግስቱ አብሬያቸው ወደ ምንጩ ወረድኩ፤ ሰዓቴንም ያዝኩ።

ቤቱ ውስጥ 5 ሰዎች ይኖራሉ። ጠዋት የአክስቴ ምራት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ልጅቷ ይወርዳሉ። ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሁለት ጉዞ 4 ሰዓት ነው፤ በወር 120 ሰዓት። ይህንን በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ሲያካፍሉት 15 የሥራ ቀን ይመጣል። አንድ ቤተሰብ በየወሩ 15 የሥራ ቀን ለውሃ ይከፍላል፤ ያውም ደረሰኝ ሳይሰጠው።

በዚህ ሁሉ የሚገኘው ሁለት ጀሪካን፣ 40 ሊትር ነው። ለ5 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 8 ሊትር ይደርሰዋል፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለመታጠቢያ፣ ለሁሉም። የእኔና የእርስዎ መጸዳጃ ቤት አንድ ጊዜ ሲለቀቅ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይወስዳል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የሚል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ደግሞ አንድ ቤተሰብ “መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት አለው” ለማለት ደርሶ መልሱ ወረፋውን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ መብለጥ የለበትም ይላሉ። የአክስቴ ቤት የዚህ አራት እጥፍ ላይ ነው።

ጀሪካኑን ራሱን አንስቼ ሞከርኩት። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ዳገቱን የጨረስኩት ሁለት ጊዜ አርፌ ነው፤ ልጅቷ ከጎኔ እየሳቀች።

“የገበሬ ጊዜ ምን ዋጋ አለው?” የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ኬንያ ጠረፍ ላይ ኡኩንዳ በምትባል ከተማ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። እዚያ ነዋሪው ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ራቅ ካለ ጉድጓድ መቅዳት፣ ከቦኖ መግዛት፣ ወይም ቤቱ ድረስ ለሚያመጣ ውሃ ሻጭ ከፍ አድርጎ መክፈል። ተመራማሪዎቹ ማን የቱን እንደመረጠ አይተው ሰዎቹ ለጊዜያቸው የሚሰጡትን ዋጋ አሰሉ። ውጤቱ የቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው ጋር የሚቀራረብ ሆነ። በዚያው ዘመን ኦኒሻ በምትባል የናይጄሪያ ከተማ ደግሞ ነዋሪዎቹ በዓመት ለውሃ ሻጮች የሚከፍሉት ገንዘብ የቧንቧ መስመርን ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ “ድሃ ለውሃ አይከፍልም” የሚለው አባባል ስህተት ነው። ሲከፍል ነው የኖረው፤ በጀርባው፣ በአህያው፣ በልጁ የጥናት ሰዓት። መጠየቅ ያለበት ይህንን ክፍያ በአነስተኛ ገንዘብ ለመለወጥ ምን ቢሟላለት ይስማማል የሚለው ነው።

ከመቶ 5 እጅ የሚባለው ልማድ

የውሃ ፕሮጀክት የሚያቅዱ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በአንድ ልማድ ሲመሩ ኖረዋል። የገጠር ቤተሰብ ከገቢው ከ3 እስከ 5 በመቶ ለውሃ መክፈል ይችላል የሚል ነው። ገቢውን ገምቶ በ5 በመቶ ማባዛት ነው፤ አለቀ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በላቲን አሜሪካ፣ በአፍሪካና በደቡብ እስያ ያካሄዷቸውን ጥናቶች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያሳትሙ ግን ይህ ልማድ ብዙም እንደማያስኬድ አሳዩ። አንዱ መንደር ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ ሌላው ምንም አይከፍልም። ልዩነቱን የሚያመጣው ገቢ ብቻ አይደለም። አሮጌው ምንጭ ምን ያህል ይርቃል? አዲሱ ውሃ ሳይቋረጥ ይመጣል? የቤቱ ሰዎች ምን ያህል ተምረዋል? አገልግሎቱን የሚሰጠውን ወገንስ ያምኑታል?

አክስቴ “እድሩን እይ” ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። እድር ጥናት አላስፈለገውም። በገጠርም በከተማም፣ ደሃውም ሀብታሙም በየወሩ ይከፍላል። ያለፈ ወር ቢኖርበት ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል። ምክንያቱም ሐዘን በደረሰ ቀን ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው ይመጣል፤ ሰው ይሰበሰባል። ይህንን ሁሉም በዓይኑ አይቶታል። እድሩ አንድ ጊዜ እንኳ ድንኳኑን ሳያመጣ ቢቀር በሚቀጥለው ወር ስንቱ ይከፍላል?

ይህ በሙከራም ታይቷል። በምሥራቅ ኬንያ ኪዩሶ በሚባል ደረቅ አካባቢ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ገደማ የእጅ ፓምፖች ላይ ትንሽ መሣሪያ ገጠሙ። መሣሪያው ፓምፑ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን በሞባይል ኔትወርክ ይናገራል። ሲቆም ተጠሪው ጠጋኝ ወዲያው ይሄዳል። ከዚያ በፊት አንድ የተበላሸ ፓምፕ እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀን ይወስድ ነበር፤ በሙከራው ጊዜ ወደ 3 ቀን ገደማ ወረደ። የመንደሩ ሰውም በፊት ይከፍል ከነበረው በላይ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆነ። ውሃው ያው ውሃ፣ ፓምፑም ያው ፓምፕ ነው። የተለወጠው የመጠበቂያው ቀን ነው።

መብት ነው፣ ታዲያ ለምን ይከፈላል?

ይህንን ታሪክ ለጓደኞቼ ስነግር ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። “ውሃ መብት አይደለም እንዴ? ገበሬን ውሃ ማስከፈል ነውር አይሆንም?” የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የሰው ልጅ መብት መሆኑን አውጇል። የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንደሚያተኩሩ ይደነግጋል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ደግሞ የሒሳቡን ድርሻ ይለያል። በከተማ ታሪፉ ሙሉ ወጪውን እንዲመልስ፣ በገጠር ግን የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን ብቻ እንዲሸፍን ይላል። ማለትም ጉድጓዱን የማስቆፈሩ ወጪ የአክስቴ ዕዳ አይደለም። የጎማዋ ግን ነው።

የጎማዋ ዋጋ ደግሞ በእርግጥም ትንሽ ነው። በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ከመነሻው የተነደፈው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቱቦውን በሙሉ ማውጣት ሳያስፈልግ በአንድ መፍቻ ከፍቶ፣ ዘንጉን ስቦ፣ ያለቀችውን ጎማ መቀየር ይቻላል። የሠለጠነ ሰው፣ መፍቻውና ትርፍ ጎማ እዚያው መንደር ውስጥ ካሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኛ ያስገጠምነው ፓምፕ ሲመረቅ ግን መፍቻው ለማን እንደተሰጠ የጠየቀ አልነበረም። ፎቶ ስናነሳ ነበር።

ክፍያ ሁሉን ነገር አይፈታም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። በመንደሩ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት አሉ፤ እሳቸውን ክፈሉ ማለት ወደ ወንዙ ይውረዱ ማለት ነው። ከሕመም የሚጠብቅ ነገርም በዋጋ ሲቀርብ ገዢው ይቀንሳል። ኬንያ ውስጥ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በሱቅ በዋጋ ሲሸጥ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ምንጩ አጠገብ በነፃ ሲቀመጥ ግን የሚጠቀመው ቤተሰብ በብዙ እጥፍ ጨምሯል። ሰው ለቀለለለት ዳገት ይከፍላል፤ ለማያየው ጀርም ግን ለመክፈል ይቸግረዋል። ስለዚህ ማን ይከፍላል፣ ለየትኛው ይከፈላል፣ የትኛውስ በነፃ ይሰጣል የሚለውን አስቦ መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስብሰባ

ከፋሲካ በኋላ የቤተሰቡ ማኅበር ተሰበሰበ። “ሌላ ፓምፕ እንግዛላቸው” የሚል ሐሳብ ወዲያው ቀረበ። እኔ እምቢ አልኩ። ዶሮ የምታክል ችግር ላይ በሬ ማረድ ይሆናል አልኩ። በክርክሩ ሁለት ሰዎች ተቀይመውኛል፤ አንዱ እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። በመጨረሻ ግን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት አንድ ሰው ሄዶ እንዲያዳምጥ ተወሰነ። የሄድኩት እኔ ነኝ።

በዚህኛው ስብሰባ “ትከፍላላችሁ?” ብዬ አልጠየቅኩም። “ባለፈው ለምን መክፈል አቆማችሁ?” አልኳቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት እናት ጀመሩ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። የተሰበሰበው ገንዘብ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሠሪ የሚጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ኮሚቴው ውስጥ ከነበሩት 5 ሰዎች 4ቱ ወንዶች ናቸው፤ ውሃ የሚቀዱት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። የመክፈያው ወርም አይመችም። ክረምት ሲገባ ሁሉም ከጣሪያ ውሃ ያጠራቅማል፤ እጁም ባዶ ነው፤ ያን ጊዜ “የወሩን አምጣ” ይባላል። ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ገብሱ ከተወቃ በኋላ ነው።

አንድም ሰው “ዋጋው በዛ” አላለም። እኔ ልቀንስላቸው ተዘጋጅቼ የመጣሁት ዋጋውን ነበር።

የተስማማንበት ቀላል ነው። ክፍያው በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ፤ ትልቁ ከመኸር በኋላ። ገንዘብ ያዧ ሴት እንዲሆኑ ተመረጡ። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የጧሪ አልባዋ አሮጊት ስም ከከፋዮች ዝርዝር ወጣ፤ ይህንን ሐሳብ ያቀረቡት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው፤ እድሩም እንደዚያው ነው አሉ። የቤተሰባችን ማኅበር ያዋጣው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለሁለት ወጣቶች፣ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት፣ የጥገና ሥልጠና። ሁለተኛ፣ መፍቻውና ትርፍ ጎማዎቹ ያሉበት አንድ ሳጥን። ሳጥኑ የተቀመጠው አክስቴ ጓዳ ነው።

ጎማዋ ስትቀየር እዚያው ነበርኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ ለምሳ ተደረሰ።

እርስዎም ለትውልድ መንደርዎ ውሃ ካሰቡ

ብዙዎቻችን የትውልድ አካባቢ ልማት ማኅበር ወይም የቤተሰብ ማኅበር አባላት ነን። ገንዘብዎን ከማዋጣትዎ በፊት እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼ የጠየቅኳቸው ናቸው።

1. ዛሬ ከየት ይቀዳል? ማን ይቀዳል? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? ከተቻለ አብረው ወርደው ይለኩ። ቤተሰቡ አሁን እየከፈለ ያለውን የሚያውቁት በዚህ ነው።

2. በአካባቢው ከዚህ በፊት ቆሞ የቀረ ፓምፕ ወይም ቦኖ አለ? ካለ አዲስ ከማስቆፈርዎ በፊት ለምን እንደቆመ ያጣሩ። መጠገኑ ከመቆፈሩ ሊረክስ ይችላል።

3. ሲበላሽ ስልክ የሚደወለው ለማን ነው? ስሙና ቁጥሩ ፓምፑ አጠገብ ይጻፍ። ያዋጡት ሰዎች ስም ከዚያ በኋላ ቢጻፍ ይደርሳል።

4. መለዋወጫው የት ይገኛል? በቅርብ ከተማ የሚሸጥ ካልሆነ በዓመት የሚያስፈልገው አስቀድሞ ገብቶ ይቀመጥ።

5. ገንዘቡን ማን ይይዛል? ሒሳቡስ የት ይነበባል? የሚያምኑት እድር ካለ ከእሱ ጋር ያያይዙት፤ ከአዲስ ኮሚቴ ይልቅ የኖረ እድር ይታመናል።

6. ክፍያው መቼ ይሁን? መክፈል የማይችለውስ ማን ነው? ሁለቱንም የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው። እርስዎ አይወስኑ፤ ያዳምጡ።

ያቺ ሰሌዳ

ሰሌዳው አሁንም ቆሟል። ስማችን ያለበትን ገጽ አልነካነውም። በጀርባው በኩል ግን በነጭ ቀለም ሁለት የስልክ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የሁለቱ ወጣት ጠጋኞች ናቸው።

ከመኸር በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ ሲሰበሰብ አክስቴ ደወሉልኝ። ስንት ቤት እንደከፈለ፣ ማን ገና እንደቀረ፣ ማን በገንዘብ ፈንታ ገብስ ልስጥ እንዳለ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሁሉም አልከፈለም። “ቆይተን እንያችሁ” ያሉ አሉ፤ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሰው ነውና አልፈርድባቸውም። እምነቱን መልሶ የሚያመጣው ፓምፑ በሚቀጥለው ሲበላሽ የሚጠገንበት ፍጥነት ነው።

“ልጅቷስ እንዴት ናት?” አልኳቸው።

“ደህና ናት። አሁን ማታ ማታ ታጠናለች” አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ “ጎማዋ ትንሽ መንጠባጠብ ጀምራለች፤ ነገ ይመጣሉ ብለውኛል” አሉ።

በማግስቱ ማታ ራሴ ደወልኩ። መጥተዋል።